ፊቱስ ደህና፣ ፍትፍቱስ?

አገልግሎት በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ የምንወቅሰው ፊትን ነው። «ግንባሯን ቋጥራ ነው ያስተናገደችኝ!» «ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም!» እንላለን። አለቆችም ይህን ሰምተው ዝም አይሉም። ሠራተኛውን ሰብስበው የአንድ ቀን ሥልጠና ያዘጋጃሉ። አሠልጣኙ ፈገግታ እንዴት እንደሚያምር፣ «እንደምን አደሩ» ማለት እንዴት እንደሚያተርፍ ያስረዳል። ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ግድግዳው ላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ሰኞ ጠዋት ንጉሡ ይመጣል፤ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ «ነገ ይመለሱ» ተብሎ ይሸኛል።

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ተረት እውነት ነው። የጠቆረ ፊት ያየ እንግዳ ዶሮ ወጡም አይጣፍጠውም። ግን ልብ በሉ፤ ተረቱ የተነገረው ፍትፍቱ ለቀረበበት ቤት ነው። መሶቡ ባዶ ሆኖ ፊት ቢፈካ፣ እንግዳው ጾሙን ነው የሚሄደው።

ባንክ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መስኮት ላይ ገንዘብ ከፍያለሁ፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ተቀምጫለሁ፣ በመጨረሻም ቅርንጫፍ መርቻለሁ። አሁን ሥራ ቀይሬ፣ እንደማንኛውም ሰው ከመስኮቱ ወዲህ ቆሜ ተራ እጠብቃለሁ። ከሁለቱም በኩል ሳየው የደረስኩበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ የጠባይ ችግር ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው የሥልጣን ችግር ነው። ከፊታችን የተቀመጠው ሰው ጉዳያችንን ለመጨረስ አልተፈቀደለትም። በቀን መቶ ጊዜ «አይቻልም» እያለ የሚውል ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ፊቱ መጥቆሩ አይቀርም።

የሚንቀጠቀጥ እጅ

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። መስኮት ላይ በምሠራበት ጊዜ በየወሩ ጡረታቸውን ሊወስዱ የሚመጡ አንድ የቀድሞ አስተማሪ ነበሩ። ከጥበቃው ጀምሮ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ «አባባ» ነው የምንላቸው። ዕድሜ ሲገፋ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊርማቸውም ከዓመታት በፊት ከሰጡት ናሙና ጋር አልገጥም አለ።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ባልደረባዬ ጠባይዋ የተመሰገነ ልጅ ናት። ወንበር አቀረበችላቸው፣ ውኃ አስመጣችላቸው፣ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ገንዘባቸውን ግን ልትሰጣቸው አልቻለችም። ፊርማ ካልገጠመ ክፍያ የለም። ይህ ደንብ የሰውን ገንዘብ ከሌባ የሚጠብቅ ስለሆነ ጥሩ ደንብ ነው። መፍትሔም ነበረው፤ የናሙና ፊርማ መቀየሪያ ቅጽ መሙላት፣ ወይም ሒሳቡን በጣት አሻራና በፎቶግራፍ የሚንቀሳቀስ ማድረግ። መታወቂያቸው በእጃቸው ነው፣ ፎቶግራፋቸው ከእኛ ጋር አለ፣ ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሥራው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። የቀረው ቅጹን የሚያጸድቀው የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ዲስትሪክት ስብሰባ ሄደዋል።

አባባ እስከ ምሳ ሰዓት ጠብቀው ሄዱ። በማግስቱ ተመልሰው መጡ፤ ያን ዕለት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቢኖሩም እንግዳ ይዘዋል ተባለ። በሦስተኛው ቀን አለቀ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ያውም የታክሲ ሳንቲም ቆጥረው ከቤት ለሚወጡ ጡረተኛ። አባባ ግን ልጅቷን አልተቆጧትም። «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ፤ አዛዥ አይደለሽ» ብለዋት ሄዱ።

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሰማኋቸው የአገልግሎት አሰጣጥ ሥልጠናዎች ሁሉ ትበልጥብኛለች። ልጅቷ ምን ጎደላት? ፈገግታ አልጎደላትም። ዕውቀትም አልጎደላትም፤ ቅጹን ከሥራ አስኪያጁ በተሻለ ታውቀዋለች። የጎደላት የአሥር ደቂቃ ሥልጣን ነው። እሱን ደግሞ የትኛውም አሠልጣኝ ይዞላት አይመጣም።

«የማልከለክለውን ለምን እኔ ጋ ትልካላችሁ?»

ከወራት በኋላ ሥራ አስኪያጅ ተቀየረ። አዲሱ ሰው ንግግር የማይወዱ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። እንደመጡ ያደረጉት ነገር ቢኖር ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ተራ ደብተር ማስቀመጥ ነው። ለፊርማ ወይም ለውሳኔ ወደ ቢሯቸው የገባውን ሰው ሁሉ ለሁለት ሳምንት መዘገቡ። ማን ላከው? ለምን ጉዳይ? ምን ያህል ጠበቀ? እሳቸውስ ምን መለሱለት?

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ሰበሰቡንና ደብተሩን አነበቡልን። በራቸው ላይ የሚሰለፈው ሕዝብ አብዛኛው የመጣው ለአምስት ዓይነት ጉዳይ ነበር። በእነዚያ አምስት ጉዳዮች ላይ «አይሆንም» ያሉበት ቀን አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ ጠየቁን፦ «እኔ የማልከለክለውን ነገር ለምን እኔ ጋ ትልካላችሁ?»

መልስ የሰጠ አልነበረም። መልሱ «ድሮም እንዲህ ነበር» ነዋ። ሁልጊዜ «እሺ» የሚባልበት በር ቁጥጥር አይደለም፤ እንቅፋት ነው። ሌባ አይዝም፤ ሰው ያደክማል እንጂ።

እሳቸው ታዲያ ነገሩን በቃል አልተዉትም። ከዲስትሪክት በጽሑፍ አስፈቅደው አምስቱን ጉዳዮች ለደንበኞች አገልግሎት ኃላፊዋና ለከፍተኛ ገንዘብ ከፋዮች አወረዱ። የገንዘብ ጣሪያ አበጁለት። አንዱ ሲሠራ ሌላው እንዲያጸድቅ አደረጉ። ሁሉም በመዝገብ እንዲሰፍርና ከሥራ ሰዓት በኋላ እንዲታይ ሥርዓት ሠሩ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቢሯቸው ደጅ ጭር አለ። የተረፈውን ጊዜያቸውን ምን እንዳደረጉበት ታውቃላችሁ? አዳራሹ ውስጥ እየቆሙ ሰው የሚጉላላበትን ቦታ ያዩበት ነበር።

ፈተናው የመጣው በኋላ ነው። ሥልጣን ከተሰጣቸው ባልደረቦቻችን አንዱ የመታወቂያ ኮፒ ሳያያይዝ አንድ ቅጽ አጸደቀ። የጠፋ ገንዘብ የለም፤ ግን ኦዲተር አገኘው። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። በእኛ አገር ልማድ እንዲህ ባለ ጊዜ አለቃው «እኔ አላውቅም፤ እሱን ጠይቁት» ይላል፤ የተሰጠው ሥልጣንም በማግስቱ ይነጠቃል። እሳቸው ግን ለኦዲተሩ «የፈቀድኩት እኔ ነኝ፤ አሠራሩን አስተካክላለሁ» አሉት። ልጁን ለብቻው ጠርተው አረሙት። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ልጅ እንዴት ተጠንቅቆ ይሠራ እንደነበር ዓይቻለሁ።

ስለ መሪነት ብዙ መጽሐፍ አለ። እኔ ግን ከዚያ ቅርንጫፍ የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው። መሪ ማለት የማይከለክለውን ነገር የሚያወርድ ነው፤ ያወረደው ነገር ሲደናቀፍ ደግሞ ወቀሳውን ራሱ የሚቀበል ነው። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያደርግ አለቃ ሸክሙን በሰው ላይ ጥሎ የሸሸ ነው። ሁለተኛውን ብቻ የሚያደርግ ደግሞ ደግ ሰው ነው፤ ግን በሩ ላይ ያለው ሰልፍ አይቀንስለትም።

አሥራ አምስት ሰከንድ

ይህ ነገር የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1981 ኤስኤኤስ የተባለው የስካንዲኔቪያ አገሮች የጋራ አየር መንገድ ኪሳራ ውስጥ ሳለ ያን ካርልዞን የሚባል ሰው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተሾመ። ካርልዞን ነገሩን በቀላል ሒሳብ አሰላው። አየር መንገዱ በዓመት 10 ሚሊዮን መንገደኛ አለው። እያንዳንዱ መንገደኛ በአማካይ ከአምስት ሠራተኞች ጋር ይገናኛል፤ እያንዳንዱ ግንኙነት 15 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ አየር መንገዱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚባለው በአውሮፕላኑ ወይም በሕንፃው ሳይሆን በዓመት 50 ሚሊዮን ጊዜ በሚደጋገሙት በእነዚያ 15 ሰከንዶች ነው።

በ15 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ማንም ሰው ወደ አለቃ ደውሎ ማስፈቀድ አይችልም። ወይ ከመንገደኛው ፊት የቆመችው ሠራተኛ ትወስናለች፣ ወይ ዕድሉ ያልፋል። ካርልዞን ውሳኔውን ወደ ታች አወረደ፤ አየር መንገዱም በአጭር ጊዜ ወደ ትርፍ ተመለሰ። ልምዱን የጻፈበት መጽሐፍ የስዊድንኛ ርዕሱ በግርድፉ «ፒራሚዶቹን አፍርሱ» ማለት ነው።

የጃፓኑን ቶዮታ ደግሞ ውሰዱ። በፋብሪካው የመኪና መገጣጠሚያ መስመር አጠገብ «አንዶን» የሚባል ሥርዓት አለ። ችግር ያየ ተራ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፤ የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል፤ ችግሩ በቶሎ ካልተፈታ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። አስቡት፤ ቦልት የሚያጠብቅ ሰው አንድን ግዙፍ ፋብሪካ የማስቆም ሥልጣን አለው ማለት ነው።

እኛም ካይዘንን ከጃፓን አምጥተናል። ለሙከራ 30 ኩባንያዎች ተመርጠው ሥራው ከተጀመረ በኋላ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በደንብ የሠሩበት ፋብሪካዎች ዕቃ ለመፈለግ የሚባክነውን ጊዜና የሚጣለውን ጥሬ ዕቃ ቀንሰውበታል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን ያየሁት ሌላ ነው። መደርደሪያው ተስተካክሏል፣ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው በሥዕል ተሞልቷል። ገመዱ ግን የለም። ሰሌዳውን ወስደን ገመዱን ትተነዋል።

ደጁ አሁንም አለ

ለምን ተውነው? አንድ የራሳችን ቃል መልሱን የሚነግረን ይመስለኛል፤ «ደጅ ጥናት»። በቀድሞው ጊዜ ርስቱን የተነጠቀ፣ ሹመት የፈለገ፣ ፍርድ የጎደለበት ሰው ስንቁን ቋጥሮ መኳንንቱ ደጅ ይሰነብታል። ጌታው ሲወጣና ሲገባ እንዲያየው ቆሞ እጅ ይነሳል። ጉዳዩ የሚያልቀው ትክክል ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ጌታው ስላየው ነው። በዚያ ዘመን የጌትነት መለኪያው በደጁ የሚቆመው ሰው ብዛት ነበር። ደጁ ጭር ያለበት ጌታ ተሽሯል ማለት ነው።

መኳንንቱ በ1966 ከነሥርዓታቸው ሄደዋል። ስሙም ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ «ባለጉዳይ» የነበረው «ተገልጋይ» ተባለ፣ ከዚያም «ደንበኛ»። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ» መጣና የቢሮ ግድግዳዎች ፈርሰው ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ። ቀጥሎ የውጤት ተኮር ምዘና መጣ። የዜጎች ቻርተር በየመሥሪያ ቤቱ በር ተሰቀለ። በ2017 ደግሞ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጠው መሶብ ተከፈተ። እነዚህን ሁሉ ለማጣጣል አይደለም የምጽፈው። አንድ ሰው አምስት ቢሮ ከሚዞር አንድ አዳራሽ ቢገባ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ብዙ አለቆቻችን ልብ ውስጥ ያ የድሮው መለኪያ አሁንም አለ። በሩ ላይ ሰው ካልተሰለፈ ሥልጣኑ የተቀነሰ ይመስለዋል። ፊርማውን ያወረደ ወንበሩን ያወረደ ይመስለዋል። የቢሮ ግድግዳ በዶማ ይፈርሳል፤ ይህን ግድግዳ ግን ማፍረስ የሚችለው ራሱ አለቃው ነው።

ሠርግ ቤት የማይጠየቅ ፈቃድ

«ሐበሻ አገልግሎት አይችልበትም» የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። ሠርግ ቤት ሄደው አያውቁም? በመሥሪያ ቤት ቀና ብሎ የማያያችሁ ወጣት ቅዳሜ ዕለት በዘመዱ ሠርግ ላይ ጠብ እርግፍ ሲል ታገኙታላችሁ። ሳትጠይቁት ወጥ ይጨምራል። ጠላው ያላለቀበትን ሰው «ምነው ጠሉት?» ብሎ ይቆጣል። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ከተቀመጡ ወንበር ያዛውራል። ያው ልጅ ነው፤ ጠባዩም ያው ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሠርግ ቤት ወጥ ለመጨመር ማንንም አያስፈቅድም። እንግዳው እንዲጠግብ ነው የተነገረው፤ እንዴት እንደሚጠግብ ለእሱ ተትቷል። ጎደለ ሲል ጓዳ ያሉት እናቶች ይሰሙታል። አንድ ሳህን ቢሰበር የሚከሰው የለም።

እድርንም አስቡ። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ብረት ድስቱ ይወጣል። ደብዳቤ አይጻፍም፣ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ አይጠበቅም። ዕቃ ያዡ ቁልፉን ይዟል፤ ማን ምን እንደሚሠራ ይታወቃል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህን ያህል ዘመን ሳይፈርስ የቆየ አገልግሎት ሰጪ ተቋም ያለን ሕዝብ ነን። ስለዚህ የጎደለን ባህል አይደለም። ያለንን ባህል ቢሮ በር ላይ አውልቀን እንድንገባ የሚያደርግ አሠራር ነው ያለብን።

ሰው መጠበቅ አይጠላም፤ አለማወቅ ይጠላል

አንድ ነገር ልጨምር። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አደባባይ ማታ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ ስልኩን እየነካካ የሚጠብቅ ሰው፣ ባንክ ቤት ሃያ ደቂቃ ሲቆይ ለምን ይደነፋል? ሰልፉ ላይ ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ ያያል። ታክሲ በመጣ ቁጥር ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ጣልቃ የሚገባ ካለ ሕዝቡ ራሱ ይመልሰዋል። ባንክ ቤት ግን «ሲስተም የለም» ተብሎ ዝም ይባላል። መቼ ይመለሳል? ለሁሉም ነው ወይስ ለገንዘብ ማውጣት ብቻ? ሌላ ቅርንጫፍስ ይሠራል? የሚናገር የለም። በዚህ መሀል አንዱ በጎን በር ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ ይወጣል።

ዴቪድ ማይስተር የተባለ የሥራ አመራር ምሁር በፈረንጆቹ 1985 ስለ ወረፋ ሥነ ልቦና ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ነው ያለው፤ መጨረሻው የማይታወቅ፣ ምክንያቱ ያልተነገረና አድልዎ ያለበት ጥበቃ ከትክክለኛ ርዝመቱ በላይ ይረዝማል። የታክሲ ተራ አስከባሪዎቻችን ጽሑፉን ሳያነቡ ያውቁታል።

እኔ በሠራሁበት ቅርንጫፍ ይህን በደንብ የሚያውቀው የበሩ ጥበቃ ነበር። ሰው ባንክ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥበቃውን ነው። እኛ ግን ለዓመታት ምንም አንነግረውም ነበር። ያ ደብተር የያዙት ሥራ አስኪያጅ ጥበቃዎቹንና የጽዳት ሠራተኞቹን በጠዋቱ የአሥር ደቂቃ ስብሰባ ላይ ጨመሯቸው። ከዚያ በኋላ ጥበቃው በር ላይ «ኔትወርኩ ከጠዋት ጀምሮ ይቆራረጣል፤ ማስገባት ከሆነ ይግቡ፣ ማውጣት ከሆነ ከምሳ በኋላ ቢመጡ ይሻላል» ማለት ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጩኸት ቀነሰ። የተገዛ መሣሪያ የለም፤ የተጨመረ ሠራተኛ የለም።

«ሥልጣን ብታወርድ ይበላሉ»

ይህን ሐሳብ ለወዳጆቼ ስነግራቸው የሚመልሱልኝ አንድ ነው። «ሥልጣን ብታወርድ ጉቦው ይወርዳል። ያልበላ የሚበላበትን መንገድ መክፈት ነው።» ስጋቱ ባዶ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን።

ግን ጉቦ የሚሸጠው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ጥበቃው ነው። ሰው የሚከፍለው የማይገባውን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ የሚገባውን ከሦስት ወር በፊት ለማግኘት ነው። ፊርማው በአንድ ሰው እጅ ሲሆንና በሩ ሲዘጋ፣ ያ በር ገበያ ይሆናል። ከበሩ ውጭም ደላላ ይቆማል። አምስት ሰው መፈረም ቢችል፣ ጣሪያው ቢታወቅ፣ የሚፈለገው ማስረጃና የሚወስደው ጊዜ ቢለጠፍ፣ እያንዳንዱ ውሳኔ ከነስሙ ቢመዘገብ ደላላው የሚሸጠው ያጣል። ያለ መዝገብ ሥልጣን ማውረድ ጥፋት ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ሥልጣንን አንድ ክፍል ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ግን ሙስናን አይከላከልም፤ ዋጋውን ነው የሚያስወድደው።

አዛዥ ያልሆነ ምን ያድርግ?

«እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ለአለቃዬ ንገረው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። የሠራ በሚጠየቅበት፣ ያልሠራ በማይጠየቅበት ቤት «የእኔ ሥራ አይደለም» ማለት ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ራስን መጠበቂያ ነው። ግን ይህ መጠበቂያ ዋጋ አለው። አሥር ዓመት በዚህ ቃል የኖረ ሰው አሥር ዓመት ሠርቷል አይባልም፤ አንድ ዓመትን አሥር ጊዜ ደግሟል። ሥራ የሚያሳድገው አሥሩን ዓመት የተማረበትን ነው።

ያለ ሥልጣን የሚሠራ ነገር አለ። ሲያድጉ ካየኋቸው ባልደረቦቼ የታዘብኩትን ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ «አላውቅም» ብለው አያቆሙም። «እኔ አላውቅም፤ ግን ሁለተኛ ፎቅ ግራ በኩል ያለችው ልጅ ታውቃለች፤ ይህንንና ያንን ይዘው ይሂዱ» ይላሉ። ከራሳቸው ጠረጴዛ በፊትና በኋላ ያለውን ሥራ ስለሚያውቁ፣ የኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እነሱን ነው።

ሁለተኛ፣ የሚደጋገመውን ችግር ይጽፋሉ። በስብሰባ ላይ «ደንበኞች ይጉላላሉ» ማለት ማንም ይችላል፤ ማንንም አያንቀሳቅስም። «በዚህ ወር ሃያ ሰው በዚህ ቅጽ ምክንያት ተመልሷል፤ ዝርዝሩ ይኸው» ያለን ሠራተኛ ግን አለቃ ዝም ብሎ ሊያልፈው ይቸገራል።

ሦስተኛ፣ ንዴትን ወደ ቤት አይወስዱም። መስኮቱ ላይ የሚጮህባችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ጩኸቱን ይዞት የመጣው ከሌላ ቢሮ ነው። የወር መጨረሻ ነው፣ የቤት ኪራይ ደርሷል፣ ሦስት ቦታ «ተመለስ» ተብሏል፤ አራተኛዋ እናንተ ናችሁ። ይህን ማወቅ ስድብን ትክክል አያደርገውም። ግን የተሰደበው የእናንተ ማንነት እንዳልሆነ ያሳውቃችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልባችን እናውጣ። «አገልጋይ» የሚለውን ቃል በቤተ እምነት ስንሰማው እናከብረዋለን፤ ቢሮ ስንገባ ግን ከ«አሽከር» ጋር እናምታታዋለን። ሰውን ዝቅ ብሎ ማስተናገድ ራስን ማዋረድ ይመስለናል። አሽከር የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ነው። አገልጋይ ግን ሰውየው የሚያስፈልገውን አይቶ ያሟላል። «ደንቡ ነው» እያለ ሰው የሚመልሰው ሠራተኛ ሳያውቀው የመረጠው አሽከርነትን ነው።

እኛስ?

ከመስኮቱ ወዲህ ያለነውም ንጹሕ አይደለንም። አንድ ጉዳይ ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ ምንድን ነው? «ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» አይደለም። «እዚያ ሰው ታውቃለህ?» ነው። ሰው ካለን በጎን በር እንገባለን፤ ከእኛ በኋላ ለሚቆመው ሰው ሰልፉ እየረዘመ እንደሆነ አናስብም። ሰው ከሌለን «አገሪቷ አልቆላታል» እንላለን። ጉዳያችንን በደንብ ላስተናገደን ሰው ደግሞ በአስተያየት መስጫው ላይ አንድ መስመር አንጽፍም። የእንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ የተቋቋመው በ1992 ነው፤ ከመካከላችን በአስተዳደር በደል ሲደርስበት እዚያ ማመልከት እንደሚችል የሚያስታውስ ስንቱ ነው?

ለእኔ የአንድ መሥሪያ ቤት፣ እንዲያም ሲል የአንድ አገር መለኪያ ያ ጥያቄ ነው። «እዚያ ሰው ታውቃለህ?» ማለት ሳያስፈልግ ጉዳይ የሚያልቅበት ቢሮ ጥሩ ቢሮ ነው። ሕንፃው መስታወት ይሁን ጭቃ፣ ሠራተኛው ይሳቅ አይሳቅ፣ ማንንም የማያውቅ ሰው ገብቶ መብቱን ይዞ ከወጣ እዚያ መሪ አለ።

ስለዚህ አለቃ ለሆናችሁ ለሰኞ የሚሆን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ደብተር ግዙ። ወደ ቢሯችሁ የሚገባውን ሰው ለሁለት ሳምንት መዝግቡ። ከዚያ «እሺ» ብቻ ያላችሁባቸውን ጉዳዮች ቁጠሩና ከእነሱ አንዱን አውርዱ። አንዱን ብቻ። ሲደናቀፍም «የፈቀድኩት እኔ ነኝ» በሉ። አለቃ ላልሆናችሁ፣ ያው ደብተር ለእናንተም ይሠራል።

እናንተስ በመሥሪያ ቤታችሁ «ሁልጊዜ ይፈቀዳል፤ ግን ሁልጊዜ ፊርማ ይጠበቃል» የምትሉት ጉዳይ የትኛው ነው? የመሥሪያ ቤቱን ስም ሳትጠቅሱ ከታች ጻፉልን። የብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ሆኖ እንደምናገኘው እገምታለሁ።

መልካም የሥራ ሳምንት ይሁንላችሁ።